የፍሪጅ በረዶ መሥሪያ አልሠራ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን አሜሪካ በሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ያለው ፍሪጅ ከግድግዳው ቧንቧ በቀጭን ቱቦ ውኃ እየሳበ በረዶውን ራሱ ይሠራል። ይህ ክፍል በደኅናው ጊዜ ማንም አያስታውሰውም፤ የቆመ ዕለት ግን ባለቤቱ አዲስ በረዶ መሥሪያ ለማዘዝ፣ አንዳንዴም ፍሪጁን ጨርሶ ለመለወጥ ያስባል። የሚከተሉት መልሶች የተጻፉት ከዚያ ውሳኔ በፊት በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባውን ምርመራ ለማስረዳት ነው። በረዶ አልወጣ ሲል ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በመሥሪያው ውስጥ ሳይሆን ወደ እሱ በሚመጣው ውኃ ወይም በዙሪያው ባለው ቅዝቃዜ ላይ ነው። እኔ ራሴ ይህን ከማወቄ በፊት ደኅናውን በረዶ መሥሪያ አውጥቼ አዲስ ገጥሜ ነበር፤ በመጨረሻ ችግሩ ፍሪጁ ወደ ግድግዳው ሲገፋ ከጀርባው የታጠፈ ቱቦ ሆኖ ተገኘ።

በረዶ መሥሪያው በውስጡ ምን ይሠራል?

በረዶ መሥሪያው፣ ብዙዎች አይስ ሜከር የሚሉት፣ በፍሪዘሩ የላይኛው ክፍል የተሰቀለ ትንሽ ማሽን ነው። ከፍሪጁ ጀርባ፣ ከታች በኩል፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ የውኃ ማስገቢያ ቫልቭ አለ። ቫልቩ ለጥቂት ሴኮንዶች ሲከፈት ውኃው በመሙያ ቱቦው አልፎ ትሪው ላይ ይፈስሳል። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን በተለመደው ዓይነት ይህ የመሙያ ጊዜ 7.5 ሴኮንድ ያህል ሲሆን የሚገባውም ውኃ 140 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ውኃው ረግቶ ትሪው ከዜሮ በታች ወደ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ቴርሞስታቱ ይህንን ያውቅና ከትሪው ሥር ያለውን ማሞቂያ ያበራል፤ ማሞቂያው የበረዶውን ዳር በትንሹ ሲያላቅቅ ሞተሩ ጣት የመሰሉ መግፊያዎችን አዙሮ በረዶውን ወደ ማጠራቀሚያው ሳጥን ይጥለዋል። በሌላው ዓይነት ማሞቂያ የለም፤ ሞተሩ የፕላስቲኩን ትሪ ገልብጦ በመጠምዘዝ ያራግፈዋል። በሁለቱም ዘንድ ሳጥኑ ሲሞላ ሥራው እንዲቆም የሚያደርግ ነገር አለ፤ በአንዳንዱ ፍሪጅ ከሽቦ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ክንድ፣ በሌላው ደግሞ በዓይን በማይታይ ብርሃን የሚሠራ ሴንሰር ነው።

ከዚህ እንደሚታየው ማሽኑ የሚፈልገው ቅዝቃዜ፣ ውኃና «ሥራ» የሚለውን ትእዛዝ ነው። ምርመራው ሁሉ የትኛው እንደጎደለ ለይቶ ማወቅ ነው።

ምንም በረዶ የለም። ከየት ልጀምር?

ምንም መሣሪያ ከማንሣትዎ በፊት ትእዛዙን ይመልከቱ። ክንድ ያለው መሥሪያ ክንዱ ወደ ላይ ሲነሣ ይጠፋል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይበራል። ለበዓል የተገዛውን ሥጋና ዶሮ ፍሪዘር ውስጥ ሲደረድሩ አንዱ ፌስታል ክንዱን ገፍቶ ሊያነሣው ይችላል፤ ከሳጥኑ ጠርዝ በላይ የተወተፈ አንድ ቁራጭ በረዶም እንዲሁ ክንዱን ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። ክንድ በሌላቸው አዳዲስ ፍሪጆች ማብሪያው በበሩ ላይ ባለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ስለሚገኝ ልጆች ሲነካኩት ሊጠፋ ይችላል። ሴንሰሮቹ እርስ በርስ የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ስለሆኑ አመዳይ ከሸፈናቸው ሳጥኑ የሞላ ይመስላቸዋል፤ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃቸዋል። ማጠራቀሚያው ሳጥን እስከ መጨረሻው ካልገባም ብዙዎቹ አይሠሩም።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ሳጥኑን ያውጡና በእጅ ባትሪ እያበሩ ትሪውን ይመልከቱ። ይህች አንዲት እይታ ከሌላው ምርመራ ሁሉ የበለጠ ትናገራለች። ትሪው ደረቅ ከሆነ ውኃ እየመጣ አይደለም። ካለፈው ምሽት ጀምሮ ያልረጋ ውኃ ከያዘ የጎደለው ቅዝቃዜ ነው። ጠንካራ በረዶ እንደያዘ ለብዙ ሰዓት ከቆመና አላራግፍ ካለ ግን፣ ያን ጊዜ ብቻ መሥሪያውን ራሱን መጠርጠር ተገቢ ይሆናል።

ፍሪዘሩ በቂ ቅዝቃዜ እንዳለው በምን አውቃለሁ?

ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአሜሪካው መለኪያ 0 ዲግሪ ፋራናይት ሊሆን ይገባዋል። በሰሌዳው ላይ የሚታየው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እርስዎ ያዘዙት እንጂ በውስጡ ያለው እውነተኛ ሙቀት ስላልሆነ ርካሽ የፍሪዘር ቴርሞሜትር ገዝተው በቀዘቀዙ ዕቃዎች መካከል አሳድረው ማንበብ ይሻላል። ቴርሞሜትር ከሌለ አይስክሬም ጥሩ ምስክር ነው፤ ማንኪያ በቀላሉ የሚገባበት ከሆነ ፍሪዘሩ ሞቋል። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲቆይ ምግቡ የረጋ ይመስላል፣ በረዶ መሥሪያው ግን እጅግ ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይቆማል፤ ስለዚህ የበረዶ መጥፋት የፍሪጁ ሌላ ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ችላ ሊባል አይገባም።

ቅዝቃዜ የሚያንስበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። በበሩ ጎማና በፍሪጁ አካል መካከል ወረቀት አስገብተው በሩን ዝጉና ወረቀቱን ሳብ ያድርጉት፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል። ጎማውን በለብታ ውኃና በሳሙና ማጠብ አንዳንዴ ይበቃዋል፤ ደርቆ የተሰነጠቀውን ግን መለወጥ ያስፈልጋል። በጀርባ ወይም ከሥር ያለው ሙቀት ማስወጫ ኮንደንሰር አቧራና የድመት ፀጉር ከለበሰ ፍሪጁ ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል፤ ሶኬቱን ነቅለው በብሩሽና በአቧራ መሳቢያ ያጽዱት። በፍሪዘሩ ውስጥ ያለው አየር መውጫም በዕቃ መታፈን የለበትም። ከኋላው ግድግዳ ላይ ወፍራም አመዳይ ከታየ ወይም የማራገቢያው ድምፅ ከጠፋ ጉዳዩ ከበረዶ መሥሪያው አልፏል፤ ባለሙያ ይጥሩ።

ትሪው ደረቅ ነው። ውኃው የት እንደቀረ እንዴት ልከታተል?

ውኃውን ከምንጩ ጀምሮ መከተል ነው። ከማእድ ቤቱ የእቃ ማጠቢያ ሥር፣ ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ከምድር ቤቱ ጣራ ሥር የፍሪጁን መስመር የሚዘጋ ትንሽ ቫልቭ አለ፤ መከፈቱን ያረጋግጡ። በቆዩ ቤቶች ይህ ቫልቭ የቧንቧውን አካል በመርፌ ወግቶ የሚገጠም ዓይነት ሊሆን ይችላል። እኔ ይህንን ዓይነት አላምነውም፤ የሚበሳው ቀዳዳ ከመጀመሪያው ጠባብ ነው፣ በጊዜ ብዛትም ዝገትና ጨው ይሞላዋል፣ ሲያረጅም ያንጠባጥባል። የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ሙሉ በሙሉ በሚከፈት ቫልቭ ቢለውጠው የችግሩ ሥር ይነቀላል።

ቀጥሎ ፍሪጁን በጥንቃቄ ወደ ፊት ስበው ቱቦው መታጠፉን ይመልከቱ። ቱቦው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ብቻ ያለው የመዳብ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ስለሆነ ፍሪጁ ሲገፋ በቀላሉ ይታጠፋል፤ የመዳቡ አንዴ ከተቆለመመ ቀና ቢደረግም ቦታው ጠቦ ስለሚቀር መለወጡ ይበጃል። ሲለውጡ በብረት ሽቦ የተጠለፈውን ተጣጣፊ ቱቦ እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ ደረቁ ፕላስቲክ ሲያረጅ ተሰንጥቆ ወለል ያበላሻልና።

ቱቦው ደኅና ከሆነ ቫልቩን ይዝጉ፣ ፍሪጁን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ቱቦውን ከፍሪጁ ጀርባ ፈትተው ጫፉን ባልዲ ውስጥ ያስገቡና ቫልቩን ቀስ አድርገው ይክፈቱት። ውኃው በጉልበት መውጣት አለበት። ከቀጠነ ወይም ከተንጠባጠበ ጥፋቱ ከፍሪጁ ውጭ ነው። በጉልበት ከወጣ ግን ጥፋቱ ከዚያ ወዲህ፣ በማጣሪያው፣ በማስገቢያው ቫልቭ ወይም በመሙያ ቱቦው ላይ ይሆናል። አብዛኞቹ አምራቾች የሚጠይቁት ዝቅተኛ የውኃ ግፊት 20 ፒ ኤስ አይ ወይም 1.4 ባር ነው፤ አንዳንዶቹ ከዚህ ከፍ ያለ ይፈልጋሉ። ግፊት መለኪያ ለሌለው ሰው የሚሆን አንድ ፈተና አለ፤ ፍሪጁ በበሩ ላይ የውኃ መቅጃ ካለው ግማሽ የመለኪያ ኩባያ፣ ማለትም 120 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ቢበዛ በ8 ሴኮንድ ውስጥ መቅዳት መቻል አለበት። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለውን በጣም ረቂቅ ማጣሪያ ላስገቡ ሰዎች ይህ ፈተና በተለይ ይጠቅማል፤ ያ ማጣሪያ ግፊቱን በእጅጉ ይቀንሳልና።

የውኃ ማጣሪያው ለዚህ ምን ያህል ተጠያቂ ነው?

ብዙ። ማጣሪያው በ6 ወር አንዴ እንዲለወጥ አምራቾች ይመክራሉ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተለወጠ ማጣሪያ ግን ብርቅ አይደለም። የተዘጋ ማጣሪያ መጀመሪያ በረዶውን ያሳንሳል፣ ቀጥሎ ያቆመዋል። ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ለማወቅ ማጣሪያውን አውጥተው ፍሪጁ ያለ ማጣሪያ እንዲሠራ ያድርጉት፤ አንዳንዱ ማጣሪያው ሲወጣ ውኃውን በራሱ ያሳልፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከፍሪጁ ጋር የተሰጠ መድፈኛ እንዲገባለት ይፈልጋል። በዚያው ቀን በረዶው ወደ ሙሉ መጠኑ ከተመለሰ ምርመራው አልቋል።

አዲሱን ሲገዙ ኤን ኤስ ኤፍ የተባለው የደረጃ ተቋም የሰጠውን ቁጥር ያንብቡ። ደረጃ 42 የክሎሪን ጣዕምና ሽታ መቀነሱን፣ ደረጃ 53 ደግሞ ጤናን የሚጎዱ ነገሮችን መቀነሱን የሚመለከት ነው፤ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት የሚቀንስ መሆኑ በማሸጊያው ላይ በስሙ ተጽፎ መታየት አለበት። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2004 ባሉት ዓመታት በቧንቧ ውኃ ውስጥ ይህ ብረት ከፍ ብሎ ተገኝቶ ስለ ነበር፣ በቆዩ ሕንፃዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች፣ በተለይ ሕፃናት ያሏቸው፣ ጉዳዩን በቸልታ ባያልፉት እወዳለሁ። ውኃ በረዶ ስለሆነ ብቻ አይነጻም። ማጣሪያው ከተገጠመ በኋላ 11 ሊትር ያህል ውኃ አፍስሶ መድፋት የተለመደ መመሪያ ነው።

መሙያ ቱቦው በበረዶ ተደፍኖ ቢሆንስ?

ይህ እጅግ የተለመደ ነው፣ መፍትሔውም በእጅ ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ካልታወቀ በሳምንቱ ይመለሳል። ከትሪው በላይ ከግድግዳው የሚወጣውን ነጭ ቱቦ በጣትዎ ወይም በቀጭን ማንኪያ እጀታ ነካ ያድርጉ፤ በውስጡ ጠንካራ በረዶ ካለ ተደፍኗል። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለው፣ ከሥሩ ፎጣ አንጥፈው፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለብ ያለ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቱቦው እየረጩ ያሟሙት። የፈላ ውኃ አይጠቀሙ፣ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ፀጉር ማድረቂያም በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከውኃ ርቆ፣ ከአንድ ቦታ ሳይቆም ሊሠራ ይችላል።

ቢላዋ፣ ካቻቪቴ ወይም ሌላ ስለት ፈጽሞ አያስገቡ። ከፕላስቲኩ ግድግዳ ጀርባ የማቀዝቀዣው ጋዝ የሚዘዋወርባቸው ቱቦዎች አሉ፤ አንዲት ቀዳዳ ፍሪጁን ከጥቅም ውጭ ታደርገዋለች፤ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር 600ኤ የተባለ ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው።

ቱቦው ለምን እንደተደፈነ መልሱ ብዙ ጊዜ የማስገቢያው ቫልቭ ነው። ይህ ቫልቭ በደንብ የሚዘጋው የውኃው ግፊት ከጀርባው ሲገፋው ስለሆነ፣ ግፊቱ ዝቅ ካለ ወይም ቫልቩ ውስጥ ቆሻሻ ከገባ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ጠብ ጠብ ማለት ይቀጥላል፤ ጠብታውም ቱቦው ውስጥ እየረጋ ይደፍነዋል። ስለዚህ ካሟሟችሁት በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ከተመለሰ መጀመሪያ ግፊቱን አረጋግጡ፣ ግፊቱ ደኅና ከሆነ ቫልቩን ለውጡ።

በረዶው ትንንሽ ነው፣ ወይም ውስጡ ባዶ ነው። ለምን?

ወደ ትሪው የሚገባው ውኃ ስላነሰ ነው። መሥሪያው የሚቆጥረው ሴኮንድ እንጂ የውኃውን መጠን አይደለም፤ ግፊቱ ሲቀንስ በዚያው ጊዜ ውስጥ ያነሰ ውኃ ይገባል። ማጣሪያውን፣ ቱቦውንና ቫልቩን ከላይ እንደተገለጸው ይፈትሹ። በአንዳንድ መሥሪያዎች ላይ የመሙያውን መጠን የምታስተካክል ትንሽ ብሎን አለች፤ ግፊቱ ሳይረጋገጥ እሷን መነካካት ግን ችግሩን መሸፈን ብቻ ነው።

በረዶው ሁሉ ተጣብቆ አንድ ግግር ይሆንብኛል።

በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው ለረጅም ጊዜ ሳይወሰድ የቆየ በረዶ እርስ በርሱ መያያዙ ነው፤ በየሳምንቱ ሳጥኑን ነቅነቅ ማድረግ፣ ካልተጠቀሙበትም መድፋት ይበቃል። ሁለተኛው የሙቀት መዋዠቅ ነው፤ በሩ በደንብ አልተዘጋም፣ ጎማው ያሳልፋል፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ተመልሷል። መብራት ከጠፋ በኋላ በሳጥኑ ውስጥ አንድ ግግር ማግኘት ፍሪዘሩ መሞቁን የሚያሳይ ማስረጃ ስለሆነ በረዶውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ሥጋም መመልከት ያስፈልጋል። ፍሪዘር ባልሆነው የፍሪጅ ክፍል በር ውስጥ መሥሪያቸው የተሰቀለ ፍሪጆች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ መሥሪያው በሞቃቱ ክፍል መካከል ባለ ትንሽ ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ ስለሚገኝ የሳጥኗ ጎማ ትንሽ ካሳለፈ እርጥበቱ ገብቶ ሁሉን በአመዳይ ይሸፍነዋል። ማቅለጥ ይረዳል፤ ከተመላለሰ ግን የጎማው መታሸግ መታየት አለበት።

መጥፎ ሽታ ወይም ነጭ ቅንጣት አለው። ይጎዳል?

በረዶ ሽታ ይስባል። ክዳን በሌለው ዕቃ የተቀመጠ ወጥ፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ፍሪዘር ውስጥ ለሳምንታት የቆየ በረዶ የእነሱን ሽታ ቢይዝ አይግረምዎ። ምግቡን አሽገው ያስቀምጡ፣ ሳጥኑን በለብታ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ ያጥቡ፣ በረዶውን ደፍተው ከአዲስ ይጀምሩ። በረዶው ሲቀልጥ በብርጭቆው ሥር የሚቀረው ነጭ ቅንጣት ከውኃው የመጣ ማዕድን፣ በአብዛኛው የካልሲየም ጨው ነው፤ አይጎዳም። የበረዶው መሀል ነጣ ብሎ መታየቱም ጤነኛ ነው፤ ውኃው ከዳር ወደ መሀል ስለሚረጋ በውስጡ የነበረው አየር መሀል ላይ ይታሰራል።

ፍሪዘር ውስጥ ወይም ወለል ላይ ውኃ ይፈስሳል።

ወለል ላይ ከሆነ አስቀድመው የፍሪጁን ቫልቭ ይዝጉ፤ ከእንጨት ወለል ሥር የገባ ውኃ ከፍሪጁ ዋጋ በላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የቱቦው ማያያዣዎች መላላታቸውን በደረቅ ሶፍት እያበሱ ይፈትሹ፤ እርጥበቱ የታየበት ማያያዣ ላይ ነው ጥፋቱ። ተከራይ ከሆኑና ፍሪጁ የአከራዩ ከሆነ ጉዳዩን በዚያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በኋላ የወለሉ ኪሣራ የማን ነው የሚለው ክርክር ሲነሣ የተጻፈው ቀን ይጠቅምዎታል።

ፍሪዘሩ ውስጥ ከሆነ ፍሪጁ መዝመሙን በውኃ ልክ ይመልከቱ፤ ትሪው አንድ ወገን ካዘነበለ ውኃው ከጠርዙ ያልፋል። መሙያ ቱቦው ከትሪው አፍ ተንሸራቶ እንዳይሆንም ያረጋግጡ። ሁለቱም ደኅና ሆነው በሳጥኑ ውስጥ የበረዶ ንጣፍ ከተገኘ ቀደም ሲል የተገለጸው የማይዘጋ ቫልቭ ነው።

አዲስ ፍሪጅ ነው፣ ገና ምንም አልሠራም። ልመልሰው?

24 ሰዓት ሙሉ ይስጡት። ፍሪዘሩ ወደ ሙሉ ቅዝቃዜው እስኪወርድና በቱቦው ውስጥ ያለው አየር እስኪወጣ መሥሪያው አይጀምርም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳጥኖች መድፋት ተገቢ ነው። ውኃ ገና ያልተያያዘለት ፍሪጅ ከሆነ መሥሪያውን ያጥፉት፤ አለዚያ ቫልቩ ባዶውን እየተከፈተ በየጊዜው ሲያጉረመርም ይሰማል።

አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ አስገጥሜዋለሁ፣ ውኃ በሮቶ ነው የምጠቀመው። ለምን አይሠራም?

ይህ የቁጥር ጉዳይ ነው። ውኃ በ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከፍሪጁ 4 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ግፊቱ 0.4 ባር ብቻ ነው፤ ፍሪጁ ግን ቢያንስ 1.4 ባር ይጠይቃል፤ ያንን በስበት ብቻ ለማግኘት 14 ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል። እጅ ለመታጠብ የሚበቃው ውኃ ለቫልቩ አይበቃውም፤ በረዶው ያንሳል፣ ቫልቩም በደንብ ስለማይዘጋ መሙያ ቱቦው ይደፈናል። መፍትሔው በመስመሩ ላይ በራሱ የሚነሣና የሚቆም ትንሽ የግፊት ፓምፕ ማስገባት ነው፤ ከፓምፑና ከፍሪጁ መካከልም ደለል የሚይዝ ማጣሪያ መኖር አለበት፤ ውኃ በፈረቃ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው አፈር የቫልቩን ወንፊት ቶሎ ይደፍነዋልና። ማቀዝቀዝ ተቅማጥ የሚያመጡትን ተሕዋስያን ሁሉ እንደማይገድልም ማወቅ ይገባል። ሮቶው በየጊዜው የማይታጠብ ከሆነ ውኃውን አፍልቶ በተራ ትሪ ማርጋት ከአውቶማቲኩ ይልቅ የታመነ ነው፤ በዚህ ረገድ ቤተሰቤን የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ከአሜሪካ ያመጣሁት ፍሪጅ በትራንስፎርመር ይሠራል፤ በረዶ መሥሪያው ግን ውኃ ያፈስሳል።

ትራንስፎርመሩ ቮልቴጁን ከ220 ወደ 120 ይለውጣል፤ ድግግሞሹን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካውን፣ ግን አይለውጥም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የኢትዮጵያው 50 ኸርዝ ነው። በቆየው ዓይነት በረዶ መሥሪያ የመሙያውን ጊዜ የምትለካው ፍጥነቷ በዚህ ድግግሞሽ የሚወሰን ትንሽ ሞተር ስለሆነች፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ዝግ ብላ ትዞራለች፤ 7.5 ሴኮንድ የነበረው መሙያ 9 ሴኮንድ ይሆናል፣ ውኃውም በአንድ አምስተኛ ይበዛል። ትሪው ሞልቶ የሚፈስሰው ከዚህ የተነሣ ነው። የመጠን ማስተካከያ ብሎን ካለች በትንሹ መቀነስ ይረዳል። ኮምፕሬሰሩም እንዲሁ ዝግ ብሎ ስለሚሠራና ስለሚግል፣ ኢንቨርተር፣ ማለትም የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት ራሱ የሚወስን መሣሪያ፣ የሌለውን ፍሪጅ ከውቅያኖስ ማዶ ማምጣት የሚያዋጣ አይመስለኝም።

በዐረብ አገርና በእስራኤል የሚለይ ነገር አለ?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ ወራት ከጣራ ታንክ የሚወርደው ውኃ ሙቅ ስለሆነ እያንዳንዱ ዙር ለመርጋት ይዘገያል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ጨዋማና ማዕድን የበዛበት ውኃ ባለበት ቦታ ሁሉ ትሪው ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ በረዶውም ሳይላቀቅ ይቀራል፤ ማሽኑን አጥፍተው ትሪውን በሎሚ አሲድ ወይም በኮምጣጤ በራሰ ጨርቅ ጠርገው በንጹሕ ውኃ ያጥቡት። በእስራኤል በሚሸጡ ብዙ ፍሪጆች ላይ የሰንበት አሠራር የሚባል ማዘዣ አለ፤ ሲበራ ከመብራቱ ጋር በረዶ መሥሪያውንም ያቆማል። ቅዳሜ ማታ ማጥፋቱ ከተረሳ ፍሪጁ የተበላሸ ይመስላል።

በረዶው ረግቷል፣ ግን ትሪው አያራግፍም። ልለውጠው?

አስቀድመው ፍሪጁን ለ5 ደቂቃ ከሶኬት ነቅለው መልሰው ይሰኩት። መግፊያዎቹ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው ከተገኙ አንድ ቁራጭ ይዟቸው ይሆናል፤ ነቅለው ያሟሙት እንጂ በእጅ አይግፏቸው፣ የሞተሩ ጥርሶች ይሰበራሉ። ብዙ መሥሪያዎች የፈተና ቁልፍ አላቸው፤ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭነው ሲይዙት አንድ ሙሉ ዙር ይጀምራል። ትሪው በረዶ ይዞ፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ሆኖ፣ ቁልፉ ተጭኖ ምንም ካልተንቀሳቀሰ መሥሪያው አልቆለታል ማለት ይቻላል። ሽፋኑን ከፍቶ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ በሽቦ ማገናኘት አንዳንዶች የሚያሳዩት መንገድ ነው፤ ልምድ ለሌለው ሰው አልመክረውም።

ባለሙያ ሲጠሩ ወይም ዕቃ ሲያዝዙ የፍሪጁን ሙሉ የሞዴል ቁጥር በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ካለው ወረቀት ቀድተው ይያዙ፤ ዋስትናው አለማለቁንም ይጠይቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ «አይሠራም» ከማለት ይልቅ «ትሪው ደረቅ ነው፣ ባልዲ ውስጥ ውኃው በጉልበት ይወጣል፣ ማጣሪያውን አውጥቼዋለሁ» ብሎ መናገር የባለሙያውን ሰዓትና የእርስዎን ገንዘብ ያተርፋል። በብዙ ፍሪጆች መሥሪያው በሁለት ወይም በሦስት ብሎንና በአንድ የኤሌክትሪክ ማያያዣ ብቻ የተሰቀለ ስለሆነ በቤት መለወጥ ይቻላል፤ ሶኬቱ ይነቀል፣ የፍሪጁ ቫልቭ ይዘጋ፣ ብሎኖቹ ላልተው አሮጌው ወደ ላይ ተነሥቶ ይውጣ፤ አዲሱ ሲገባ መሙያ ቱቦው በትክክል ከአፉ ላይ ማረፉ ይታይ። ከዚያ በኋላ በማግሥቱ ባትሪውን አብርተው ትሪውን እንደገና ይመልከቱ።